እንኳን አደረሳችሁ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰው ከሰው ጋር በተገናኘ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ከአፉ የሚወጣው ቃል ሰላምታ ነው። ነገሩ በየዕለቱ የሚደረግ ስለ ሆነ ብዙዎች እንደ ልማድ እንጂ እንደ ትምህርት አይቈጥሩትም። ዳሩ ግን መልአኩ ገብርኤል ለእመቤታችን ያመጣው የምሥራች የጀመረው በሰላምታ ነው። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ለስብከት ሲልካቸው፣ ወደሚገቡበት ቤት ሁሉ ከሌላው ነገር በፊት ሰላምን እንዲያቀርቡ አዟቸዋል። ቅዱስ ጳውሎስም መልእክቶቹን በሰላምታ ጀምሮ በሰላምታ ይፈጽማል። እንግዲህ ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ያህል ስፍራ የሰጡትን ነገር እኛ አቃልለን ልናልፈው አይገባንም።

በዚህ ዘመን ስለ በዓል ሰላምታ ጥያቄ የሚያነሡ ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች በአንድነት በሚኖሩበት አገር፣ የበዓሉን ስም ጠርቶ በሃይማኖት ቃል ሰላምታ መስጠት ይገባልን? ወይስ የማንንም እምነት የማይጠራ «መልካም በዓል» የሚል የወል ቃል ይሻላል? ክርስቲያንስ በዒድ ቀን ሙስሊም ጎረቤቱን «እንኳን አደረሰህ» ቢለው ሃይማኖቱን እንዳቃለለ ይቈጠርበታልን? ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም በውስጡ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን ይዟል፤ እነርሱም እውነትና ፍቅር ናቸው። አንዱን ለመጠበቅ ሲባል ሌላው መጣል አለበት የሚሉ ሰዎች ስለ ተነሡ፣ ሁለቱም በአንድነት የሚጠበቁበትን መንገድ መፈለግ ይገባናል።

ይህን ነገር በሐሳብ ብቻ ከመመርመር ይልቅ ሰዎች በየዕለቱ የሚኖሩበትን ስፍራ ብናስተውል ይጠቅማልና ወደ ሐረር እንመልከት። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የተከበበችውና ጀጎል የምትባለው አሮጌይቱ ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ስትጻፍ፣ 82 መስጊዶችና 102 የሙስሊሞች የዝያራ ስፍራዎች እንዳሉባት ተመዝግቧል። በዚያው ግንብ ውስጥ፣ በፈረስ መጋላ፣ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ከከተማው ወጥቶ ወደ ሶፊ ወረዳ የሚሄድ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆነውን ሙስሊም ገበሬ በማሽላውና በጫቱ ማሳ ያገኘዋል። ያ ገበሬ ወደ ሐረር ገበያ ሲወጣ ከክርስቲያን ይገዛል፤ ለክርስቲያንም ይሸጣል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሰላምታ ነገር የመጽሐፍ ክርክር ሳይሆን በየገበያውና በየደጁ የሚያጋጥም ጉዳይ ነው።

ሐረር መልካም ጉርብትናን የምታውቅ ከተማ መሆኗን ማንም አይክድም፤ በዚህም ምክንያት የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የሰላም ከተሞች ሽልማት ሰጥቷታል። ሆኖም ይህ ሰላም የተገኘው ያለፈው ነገር ሁሉ ለስላሳ ስለ ነበረ አይደለም። ከዚህች ከተማ የተነሣው የኢማም አሕመድ ጦር በ16ኛው መቶ ዓመት ስንት ገዳማትንና አብያተ ክርስቲያናትን እንዳጠፋ እኛ አንረሳውም። ዐፄ ገላውዴዎስም በ1551 ዓ.ም. ከአሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ሞተዋል። የሐረር ሙስሊሞችም በበኩላቸው በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የሞቱባቸውን አይረሱም፤ በፈረስ መጋላ ያለው ቤተ ክርስቲያን የቆመው ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ስፍራ መሆኑንም ያስታውሳሉ። ሁለቱም ወገን ትዝታ አለው። ትዝታ ባለበት ስፍራ ደግሞ ቃል ሁሉ ይመዘናል፤ ሰላምታም ሲነገር እንዲሁ ይመዘናል።

ከዚህም ጋር የበዓላቱን አቆጣጠር ማስታወስ ይገባል። የሙስሊሞች ዓመት በጨረቃ ስለሚቈጠር ከፀሐዩ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳል። ስለዚህ በዓሎቻቸው በ33 ዓመት ገደማ በወራቱ ሁሉ ዞረው ይመለሳሉ፤ ሲዞሩም ከእኛ በዓላት ጋር ይገናኛሉ። በ2016 ዓ.ም. መውሊድ የዋለው መስከረም 16 ቀን፣ እኛ ደመራ በምንደምርበት ዕለት ነበረ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ወራት ተገናኝተው፣ የእኛ ትንሣኤ ሚያዝያ 16 ቀን፣ የእነርሱም ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 24 ቀን ዋለ። በሁለቱ በዓላት መካከል የነበረው ያ አንድ ሳምንት የሰላምታ ሳምንት መሆን ሲገባው፣ በጎንደር ከቀብር ሥርዓት ጋር ተያይዞ በተነሣ ግጭት የሙስሊም ወገኖቻችን ሕይወት ጠፋ፤ በስልጤ ወራቤም አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ይህን የምናነሣው ቁስልን ለመነካካት አይደለም። ጎረቤትን እንኳን አደረሰህ ማለት ወይም አለማለት የአፍ ጨዋነት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ሰላምታ ሲጠፋ በስፍራው ምን እንደሚገባ እንዲያይ ነው።

የአገሩም ሕግ በዚህ ነገር ተለዋውጧል። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ በአደባባይ የሚነገረው የበዓል ሰላምታም የእርሷ ብቻ ነበረ። በ1967 ዓ.ም. የሙስሊሞች በዓላት ከሕዝብ በዓላት ጋር ተቈጠሩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቶ አስቀምጧል። በዚህ ለውጥ ውስጥ ያለፈው ሕዝብ፣ በመንግሥት ቤት፣ በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ ምን ብሎ ሰላምታ መስጠት እንደሚገባው በየራሱ ሲፈልግ ኖሯል። ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው የሚለውን አባባል ሁሉም ያውቀዋል። ሰላምታ ግን በግሉና በጋራው መካከል ባለው ደጅ ላይ የሚቆም ነገር ነውና አባባሉ ብቻውን ጥያቄውን አይፈታውም።

ከፈላጊዎቹም ሁለት አሳቦች ወጥተዋል። የመጀመሪያው አሳብ፣ ሰላም እንዲጠበቅ የበዓሉ ስም ይቅር፣ ለሁሉም «መልካም በዓል» እንበል የሚል ነው። ይህ አሳብ በሌላውም ዓለም አለ። በአሜሪካ የጌታን ልደት በስሙ ጠርተው ሰላምታ የሚሰጡና በአጠቃላይ «መልካም በዓላት» የሚሉ ሰዎች በየዓመቱ ይከራከራሉ። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም፣ የሥራ ጓደኞቻቸው በእነርሱ አቆጣጠር ታኅሣሥ 25 ቀን ሰላምታ ሲሰጧቸው፣ የራሳቸው ልደት ግን ገና 13 ቀን ሲቀረው፣ ምን ብለው እንደሚመልሱ ያስባሉ። የሚገርመው ነገር፣ ሃይማኖትን ላለመጥራት የተመረጠው «ሆሊዴይ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ራሱ በጥንት ትርጓሜው «ቅዱስ ቀን» ማለት ነው። ሰዎች የቅድስናን ነገር ከአፋቸው ለማራቅ ቢደክሙም ቃሉ ራሱ ይመሰክርባቸዋል።

ይህ የመጀመሪያው አሳብ ከበጎ ልብ ሊወጣ እንደሚችል እናምናለን። ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ የማያውቅ መንገደኛ፣ ወይም ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚናገር አገልጋይ፣ የወል ቃል ቢጠቀም ጥፋት አይሆንበትም። አለማወቅን አውቆ መጠንቀቅ ትሕትና ነውና። ነገር ግን ሰውየውን ከነስሙና ከነሃይማኖቱ እያወቅነው፣ ሁልጊዜና በሁሉ ስፍራ የበዓሉን ስም መሸሸግ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ሰላምታ ማንንም አያስቀይም ይሆናል፤ ማንንም ግን አይጠራም። ሁለት ልጆች ያሉት አባት፣ አንዱን ቢጠራ ሌላው ይቀናል ብሎ ሁለቱንም በስማቸው መጥራት ቢተው፣ ልጆቹ እኩል ሆኑ አይባልም፤ እኩል ተረሱ እንጂ። እውነተኛ እኩልነት እያንዳንዱን በተራው በስሙ በመጥራት ይገኛል እንጂ የሁሉን ስም በማጥፋት አይገኝም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብን። የበዓሎቻችንን ስም እንድንሸሽግ የጠየቀን ሙስሊሙ ጎረቤታችን አይደለም። እርሱማ ደጃችን መጥቶ «እንኳን ለገና አደረሳችሁ»፣ «እንኳን ለፋሲካ አደረሳችሁ» ሲል በየዓመቱ እንሰማዋለን። ስሙን እየረሳን ያለነው እኛው ነን። በእጅ ስልክ እርስ በርሳችን በምንላላከው ቃል፣ በየሱቁ በምንሰቅለው ጽሑፍ፣ የጌታችን ልደት፣ ጥምቀቱና ትንሣኤው ሁሉም አንድ ስም ብቻ፣ «መልካም በዓል» የሚል ስም ይዘዋል። ሁለት ክርስቲያኖች በትንሣኤ ማግሥት ተገናኝተው የትንሣኤን ስም ሳያነሡ ቢለያዩ፣ ይህን የብዙ ሃይማኖት አገር ስለ ሆነ ነው ብለን በጎረቤታችን ማመካኘት አንችልም።

ሁለተኛው አሳብ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ለሌላ እምነት ተከታይ በበዓሉ ቀን ሰላምታ መስጠት የእርሱን እምነት መመስከር ነው፣ ስለዚህም አይገባም የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች በእኛም ዘንድ፣ በሙስሊሞችም ዘንድ አሉ። በእኛ በኩል የሚጠቅሱት የቅዱስ ዮሐንስን ሁለተኛ መልእክት ነው፤ ሐዋርያው በዚያ መልእክት የክርስቶስን ትምህርት ሳይዝ የሚመጣውን ሰው በቤት እንዳይቀበሉት፣ ሰላምታም እንዳይሰጡት ያስጠነቅቃልና። ቃሉ የሐዋርያ ቃል ስለ ሆነ በማቃለል አናልፈውም። ነገር ግን የተነገረው ስለ ማን ነው? ከፍና ዝቅ ብለን ብናነብ፣ ሐዋርያው የሚናገረው ከማኅበረ ክርስቲያን ወጥተው፣ የክርስቶስን በሥጋ መምጣት እየካዱ፣ በመምህርነት ስም ወደ ምእመናን ቤት እየገቡ ስለሚያስቱ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለውን መምህር መቀበል ትምህርቱን መቀበል ይሆናል። በአጥር ማዶ የሚኖረው፣ ልጁ ከልጃችን ጋር የሚጫወተው፣ በሃዘናችን ጊዜ ድንኳን የሚተክልልን ሙስሊም ጎረቤት ግን ሊያስተን የመጣ መምህር አይደለም። ጌታችን ደግሞ በተራራው ስብከቱ፣ ወንድሞቻችንን ብቻ እጅ ብንነሣ ከሌሎች ምን ብልጫ እንዳለን ጠይቆናል። ይህ ጥያቄ መልስ የሚፈልገው በእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

ደግሞም አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ልዩነት በኑሮ ሲያውቁት ኖረዋል። ክርስቲያን የሙስሊምን ዕርድ አይበላም፤ ሙስሊምም የክርስቲያንን ዕርድ አይበላም። ይህ ድንበር በምሥጢር የተያዘ አይደለም፤ ሁለቱም ያውቁታል፤ ማንም አይቀየምበትም። ሆኖም በሠርግና በበዓል ቀን አስተዋይ ባለቤት ለጎረቤቱ የሚበላውን ለይቶ ያዘጋጃል፤ በግ ቢያስፈልግ ባራኪው ከራሱ ወገን እንዲሆን ያደርጋል፤ ዳቦውና ቡናው ግን የጋራ ነው። ለቅሶም ሲሆን ክርስቲያኑ ከእድሩ ሰዎች ጋር ወደ ሙስሊሙ ቤት ይሄዳል፤ ሐረሪዎችም ከአፎቻቸው ጋር ወደ ክርስቲያኑ ቤት ይመጣሉ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በማለቱ ሃይማኖቱን ለወጠ የተባለ ሰው አልሰማንም። ሃዘኑን መካፈል ካልከለከልን ደስታውን መካፈል የምንከለክልበት ምክንያት ምንድር ነው? ጀጎል ግንብ አላት፤ ግንቡም አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት። ግንብ ያለ በር እስር ቤት ነው፤ በርም ያለ ግንብ የቤትን ስም አያሰጥም። የሰላምታችንም ሥርዓት እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል።

እንግዲህ ሁለቱን አሳቦች ከመረመርን በኋላ፣ በእጃችን ያሉትን ሰላምታዎች ለይተን እንያቸው። በቋንቋችን ሦስት ዓይነት የበዓል ሰላምታ አለ። አንደኛው የምስክርነት ሰላምታ ነው። ከትንሣኤ ጀምሮ እስከ በዓለ ሃምሳ ድረስ የምንለዋወጠው «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» የሚለው ለዚህ ምሳሌ ነው። ይህ ሰላምታ የእምነት ቃል ነው፤ ተቀባዩም በእምነት ቃል ይመልሰዋል። ስለዚህ የሚያምን ለሚያምን የሚሰጠው ነው። የማያምንበትን ሰው መልሱን በል ብሎ ማስጨነቅ አይገባም፤ ያለ እምነት የተነገረ መልስ ለእግዚአብሔርም ለሰውም ክብር አይሆንምና። ሦስተኛው «መልካም በዓል» የሚለው ምኞት ነው፤ ስለ እርሱ ከላይ ተናግረናል። በሁለቱ መካከል ያለው ግን ከአባቶቻችን የወረስነው «እንኳን አደረሳችሁ» ነው። የዚህን ቃል ዋጋ በውል ያስተዋልነው አይመስለንም።

«አደረሳችሁ» የሚለው ግሥ አድራጊ አለው። ደራሹ እኛ ነን፤ አድራሹ ግን ሌላ ነው። ስሙ ሳይጠራ የሚታወቀው ያ አድራሽ እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ሰው፣ «እግዚአብሔር በሕይወት ጠብቆ እዚህ ቀን ላይ ስላደረሳችሁ ደስ ብሎኛል» ማለቱ ነው። በውስጡ ሁለት ነገር አለ፤ አንደኛው ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ምስጋና፣ ሁለተኛውም ስለ ባልንጀራ ሕይወት የሚሰማ ደስታ ነው። የሚመለሰውም ቃል «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። በዓሉ የአንዱ ብቻ ቢሆንም መድረሱ የሁለቱ ነው፤ አንዱ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ሌላው እንኳን አደረሰህ የሚለውን ሰው አያገኝም ነበር። «መልካም በዓል» በሚለው ውስጥ ግን ግሥ የለም፤ አድራጊም የለም። ቀኑ መልካም እንዲሆን ይመኛል እንጂ ቀኑን ማን እንደ ሰጠ አይናገርም።

የሶፊ ገበሬ በቋንቋው «በገ ነጋን ጌሰን» ሲል፣ እርሱም እንኳን በሰላም ደረሳችሁ ማለቱ ነው፤ መድረስን ሊያመሰግን የሚገባው ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። በዐረብኛ «ዒድ ሙባረክ» ሲባልም፣ «ሙባረክ» የሚለው ቃል በግእዛችን «ባረከ» እና «ቡሩክ» ከምንለው ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነው፤ «ሰላም» የሚለው ቃልም እንዲሁ። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው። ይህን ስንል ሃይማኖቶቹ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም። በምሥጢረ ሥላሴና በምሥጢረ ሥጋዌ ያለን ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ በሰላምታ ልንሸፍነውም አንሻም። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ በልስጥራ ለአሕዛብ ሲናገር፣ እግዚአብሔር ለማያውቁት ሕዝቦች እንኳ ዝናምንና የፍሬ ወራትን በመስጠት ስለ ራሱ ምስክር እንዳኖረ አስተምሯል። መስከረም 1 ቀን ክረምቱ አልፎ ማሳው ሲያምር፣ ያ ዝናም በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ማሽላ ላይ ዘንቧል። እኛ ቀኑን ርእሰ ዐውደ ዓመት ብለን በመጥምቁ በቅዱስ ዮሐንስ ስም እናከብረዋለን፤ ዓመቱንም በወንጌላዊ ስም እንጠራዋለን። ጎረቤታችን እንዲህ ባይጠራውም ከክረምት ወደ መጸው ያሸጋገረው ያው እኛን ያሸጋገረ እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ «እንኳን አደረሰህ» ብንለው የተናገርነው እውነት ነው፤ ከእምነታችንም የጐደለ ነገር የለም።

እውነትንና ፍቅርን አንድ አድርጎ ስለ መያዝ ከአገራችን ታሪክ አንድ ነገር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ615 ዓ.ም. ገደማ ከመካ የተሰደዱ ሙስሊሞች ወደ አክሱም ንጉሥ መጥተው ነበር። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኢስሐቅ እንደሚተርከው፣ ስደተኞቹ በንጉሡ ፊት ስለ ጌታችን ስለ ኢየሱስ ምን እንደሚያምኑ በተጠየቁ ጊዜ፣ ንጉሡ ክርስቲያን መሆኑን እያወቁ እምነታቸውን ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ንጉሡም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ስለ ንጉሡ ሃይማኖት ፍጻሜ እኛና ሙስሊሞች የተለያየ ነገር እንናገራለን፤ በአንድ ነገር ግን እንስማማለን፤ በዚያ አዳራሽ እንግዳው ቃሉን አልሸሸገም፤ ባለቤቱም በሩን አልዘጋም። ከልዩነት ጋር የሚኖር ሰላም ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ በሥራ ላይ ሊውል የሚችለውን በአጭሩ እንናገር። ካህን በዐውደ ምሕረት ላይ ለምእመናን ሲናገር የበዓሉን ስም በሙሉ ክብሩ ይጥራ፤ ልደቱን ልደት፣ ጥምቀቱን ጥምቀት፣ ትንሣኤውን ትንሣኤ ይበል። ቤተ ክርስቲያን በቤቷ የምታፍርበት ስም የላትም። ክርስቲያን ከክርስቲያን ጋር ሲላላክም እንዲሁ ያድርግ። በቤቱ በዓል የሚያከብር ምእመን ሙስሊም ጎረቤቱን ሲጠራ፣ «ዛሬ የጌታችን የልደት በዓል ነውና ኑ ቡና ጠጡ» ይበል፤ ጎረቤቱ ወደ ምን እንደ ተጠራ ሊያውቅ ይገባዋልና። በጎረቤቱ በዓል ቀን ደግሞ፣ «እንኳን ለዒድ አደረሳችሁ» ይበለው። የበዓሉን ስም መጥራት በዓሉ የእርሱ መሆኑን መናገር ነው እንጂ የበዓሉን ምክንያት መመስከር አይደለም። ሰላምታ መስጠት በአምልኮ መተባበር አይደለም፤ ይህ ድንበር ግልጽ ነው፤ ጎረቤታችንም ያውቀዋል። ሐረሪዎች ከረመዳን በኋላ ስድስቱን ቀን ጾመው ሸዋል ዒድን ሲያከብሩ፣ ይህም በዓላቸው በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲጻፍ፣ ጥምቀታችን በ2012 ዓ.ም. በዚያው መዝገብ በተጻፈ ጊዜ ደስታችንን እንደ ተካፈሉን እኛም ደስታቸውን ልንካፈል ይገባናል።

በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ላይ የተሾመ ክርስቲያን ደግሞ ሚዛኑን ይጠብቅ። በልደት ጊዜ «የልደትን በዓል ለምታከብሩ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ በዒድም ጊዜ በዚያው ልክ፣ በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ክብር ይጻፍ። ለአንዱ በትልቁ ጽፎ ለሌላው መርሳት በደል ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሰላምታን መሣሪያ ማድረግ ነው። የበዓልን ስም ለፍቅር ሳይሆን ጎረቤትን ለማሳነስ፣ አንተ እንግዳ ነህ ለማለት፣ ያለፈን ድል ለማስታወስ የሚጠራ ሰው፣ የጌታን ስም በከንፈሩ ቢይዝም ሰላሙን ከልቡ አውጥቷል። በልደቱ ለሰው ሁሉ ሰላምን ያመጣውን ጌታ በሰው ላይ እንደ ዱላ ማንሣት እንዴት ይሆናል?

ምናልባት፣ እኔ እንኳን አደረሰህ ብለው እርሱ ባይመልስልኝስ? የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር በሁለቱም ወገን ያጋጥማል፤ ሰላምታ መመለስ ኃጢአት ነው ተብሎ የተነገረው ሰው በእኛም በእነርሱም ዘንድ አለና። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ለዚህ አስቀድሞ መልስ ሰጥቷል፤ የሰላም ልጅ በቤቱ ካለ ሰላማቸው እንደሚያድርበት፣ ከሌለም ወደ ራሳቸው እንደሚመለስላቸው ነገራቸው። እንግዲህ የተሰጠ ሰላም በየትኛውም መንገድ አይጠፋም። ሰላምታ ብድር አይደለም፤ አልተመለሰልኝም ተብሎ በሚቀጥለው ዓመት አይከለከልም። ዘንድሮ ዝም ያለው ጎረቤት ከርሞ ይመልስ ይሆናል፤ ባይመልስም ልጁ ከአጥሩ ማዶ ሰምቷል።

ስለዚህ፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ የበዓላችንን ስም ከቤታችን አናስወጣ፤ ጎረቤታችንንም ከደስታችን አናስወጣ። እምነታችንን መሸሸግ ለሰላም አይጠቅምም፤ ጎረቤትን መናቅም ለእምነት አይጠቅምም። አባቶቻችን ያቆዩልን «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ቃል አድራሹን የሚያመሰግን፣ በደራሹም የሚደሰት ነውና፣ ስንናገረው የምንለውን አውቀን እንናገረው። በቀንና በሌሊት ሁላችንንም ጠብቆ ከዘመን ወደ ዘመን የሚያሸጋግረን ልዑል እግዚአብሔር፣ የከርሞ ሰው ይበለን፤ በከርሞም ጎረቤታችንን በሰላም እንድናገኘው ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።